ማክሰኞ ባሕር ያርፋል

ከኩማሲ በአውቶቡስ፣ እኅቴ ልጇን ላከችልኝ፤
"ዐሥራ አምስት ዓመት ሞላው፤ ገንዘብ መያዝ አስተምሪልኝ።"
ኤኮው ይባላል። ሸንቃጣ። ጫማው ከማቀዝቀዣዬ ይነጣል፤
ስልኩን እያየ ይበላል፣ ስልኩን እያየ ይቀመጣል።

እኔ በኤልሚና ወደብ የበረዶ ነጋዴ ነኝ፤
ከኔ ሳይገዛ የወጣ ታንኳ፣ ዓሣ ሳይሆን ሽታ ነው የሚያገኝ።
ምክር አላውቅበትም። ትምህርቴን አራተኛ ላይ ነው ያቆምኩት።
እናም በማግሥቱ ንጋት አንድ ብሎክ በረዶ ሰጠሁት፦
"ይህ በዱቤ ነው" አልኩት፣ "ሃያ አምስት ሲዲ አለብህ፤
ሽጠው። ትርፉ ያንተ ነው። ማታ ዕዳዬን ትከፍላለህ።"

ልጁ ሣቀ። በረዶውን ጠርጎ፣ አጥቦ፣ አሳምሮ፣
ጠረጴዛ ላይ፣ ፀሐይ መሀል፣ እንደ ሐውልት ገትሮ፣
ፎቶ አነሣው። ለጓደኞቹ ላከ። መልሳቸውን ሲጠብቅ፣
በረዶው እግር አወጣ፤ ሄደ፣ ጠብ ጠብ እያለ፣ ሳያስታውቅ።
እኩለ ቀን ላይ የቀረው እርጥብ ጠረጴዛ ነበር፤
አንዲት ድመት ስትልሰው ያያል፣ አንዲት ቃል ሳይናገር።

ማታ እጄን ዘረጋሁ። "ቀለጠ እኮ!" አለኝ። "አዎ፣ አየሁ።"
"ፀሐይ በላው!"
"ለፀሐይ አላበደርኩም" አልኩት፤ ሃያ አምስት ብዬ ጻፍሁ።
ጨካኝ ነሽ በሉኝ። ሌሊቱን እኔም ደህና አልተኛሁም፤
የልጅ ዕዳ ትራስ ሥር እንደ ጠጠር ይቆረቁራል፣ አልክድም።

ሲነጋ ሽማግሌው ቦንሱ ዘንድ፣ ታንኳ ጠራቢው ዘንድ ሄዶ፣
ግቢውን ጠርጎለት፣ ሰጋቱራ በጆንያ ወስዶ፣
በረዶውን እንደ አራስ ጠቀለለው፤ ፊቱን እንኳ ሸፈነው፤
ገዢ ሲመጣ ገለጥ፣ ሸረፍ፤ መልሶ ድፍን ነው።
"ሳይቃጠል በቅጠል" ይባል የለ? ሳይቀልጥም በሰጋቱራ።
ይህን ያስተማረው ዕዳው ነው፤ እኔማ ከጎረቤት ሳወራ።

እስከ ሰኞ ሸጠ። ኪሱ ከበደ። የኔንም ከፈለ።
ሰኞ ማታ ለሠፈሩ ጎረምሳ ዶሮ ጋበዘ፣
ጥቁር መነጽር ገዛ፤ በማታ አድርጎት ዋለለ።
ማክሰኞ ጠዋት ብሎኩን ተሸክሞ ወደቡ ሲደርስ፣
ታንኳው ሁሉ በአሸዋው ላይ፤ ሰው የለ፤ ነፋስ ብቻ ሲመላለስ።

ማክሰኞ ባሕር ያርፋል። የአባቶች ሕግ ነው፤ ማንም አይቀዝፍም።
አልነገርኩትም። (ይህን እኅቴ ብትሰማ ይቅር አትለኝም።)
"ለምን አልነገርሽኝም!"
"አልጠየቅከኝም። ስድስት ቀን የሚገባ ገንዘብ፣
ሰባት ቀን ይበላል፣ ኤኮው። ያችን አንዷን ቀን አስብ።"

ተቆጣ። ሁለት ቀን ዘጋኝ። በሦስተኛው
ደብተር ገዝቶ መጣ። በግራ የገባ፣ በቀኝ የወጣ፣
መሀሉን ግን በቀይ እስክሪብቶ "ማክሰኞ" ብሎ አሠመረው።
ከየዕለቱ ሽያጭ ዐሥር ሲዲ ለማክሰኞ ያስቀምጣል፤
"ማክሰኞ ከኔ በለጠች" ይልና ጮክ ብሎ ይስቃል።

ዝናቡ ሲገባ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፤
የማቀዝቀዣዬ ሞተር አንዴ ጮኸና ነደደ።
ጠጋኙ ስምንት መቶ አለ። እኔ፣ አንቱ የተባልኩ ነጋዴ፣
እጄ ላይ ሁለት መቶ፤ ሌላው በየታንኳው ዱቤ ነው፤
አይሰበሰብ ባንዴ።

ሻማ ይዤ በሩን ገፋሁ። ከደብተሩ ቀና አለ።
"ስድስት መቶ..." አልኩ፣ "መብራት ነው የበላው..."፤ ድምፄ ቀለለ።
"ለመብራት አላበድርም" አለ፣ "ላንቺ ነው። መቼ ትመልሺያለሽ?"
"አርብ።"
"የቱ አርብ?"
ቀኑን ነገርኩት። ጻፈ። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ፈረምሁ።
ይህ ጨካኝ በማን ወጣ ብዬ፣
ሻማዬን እፍ ብዬ አጥፍቼ፣ በጨለማው ሣቅሁ።